መልሱ የወጣበት በር

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በተቋቋመው የጥሪ ማዕከል ውስጥ አንዲት መንፈስ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ጥሪ ተቀባዮቹ ናቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትደውልና «ኧረ ሰው የለም ወይ?» ትላለች፤ «አለን እማማ፣ ምን እንርዳዎት?» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ቢመልሱላትም እንዳልሰማች ትተነፍሳለች። ኮምፒውተሩ ላይ ስምም አድራሻም የላትም። አንዷማ ሰዓቱ ሲቃረብ ሽንት ቤት መመላለስ አበዛች።

ከማንም በላይ የምታሾፍባቸው የማዕከሉ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። እሷ የምታምነው ገመድ ብቻ ነው። በቅርቡ ጥሪዎቹን በሚያስተናግደው ሰርቨር ላይ ሁለተኛ መስመር ቀጥላ፣ ጥሪ መግባቱን አይታ፣ አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ እጇን አራግፋ ሄዳለች። መሞከሪያ ያደረገችው ያሳደገቻትን የአክስቷን ቤት ነው፤ መደወያ መሣሪያውን እዚያ ተከለች። ዘመድ አይከስስም፣ አይደል? ሰው ደፋር የሚሆነው በገዛ ወገኑ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛባትና ዞር ብላም አላየቻት።

ዛሬ ግን አለቃዋ ለምኖ ለምኖ ማዳመጫውን አስጠለቃት።

«እንግዲህ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለች መንፈሷ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ሰው ይህን ያህል ተጠርቶ ዝም አይልም። ልጄም ቀረች።»

ባለሙያዋ ድምፁን ለየችው። «አክስቴ! እኔ ነኝ!» ብትልም ከወዲያ ማዶ የሚሰማት አልነበረም።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠች። ጥፋቱ አፍጥጦ ጠበቃት። ጥሪው በአዲሱ መስመር ይገባል፤ ሰርቨሩ ግን መልሱን ሁሉ በለመደው በአሮጌው መስመር ያስወጣል። የአክስቷ መሣሪያ ደግሞ ካልጠራው አድራሻ የመጣ መልስ አይቀበልም፣ ይጥለዋል። እሷ መግቢያውን እንጂ መውጫውን አልሞከረችም። ሙከራ ነው ብላ የአክስቷን ስም እንኳ አላስመዘገበችም። በአዲሱ የገባ በአዲሱ ይውጣ የሚል ትእዛዝ ጻፈች፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ ናት። ይህችን ታህል ነገር ዘንግታ እናት የሆነቻትን ሰው በቁሟ ቀብራታለች። አፈረች፣ ከማፈሯም በላይ ፈራች።

ተመልሳ ማዳመጫውን አጠለቀች። አክስቷ አልዘጋችም፤ ትንፋሿ ይሰማል። ጥሪ ተቀባዮቹ ሥራቸውን ትተው ዙሪያዋን ቆመዋል።

«አክስቴ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ። እየሰማሽኝ ነው?»

ትንፋሹ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«ውይ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ። «አንቺም ሞትሽ?»