የመሰለች ተራ

የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ከእምድብር ብዙም በማይርቅ የቸሃ መንደር፣ ሴቶች የላሞቻቸውን ወተት በአንድ ማሰሮ እያጠራቀሙ በየተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነበራቸው፤ ውጆ ይሉታል። ባለተራዋ ወተቱን ንጣ ቅቤውን ገበያ ታወጣለች። በዚያ ቅዳሜ ተራው የመሰለች ነበር።

መሰለች ባሏን ቀብራ ማቋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ዘርጋ፣ ላሟን ፈትቶ ነዳት። "የወንድሜ ናት፤ አንቺም ወደ ቤቴ ግቢ፤ ደንቡ ነው" አላት። እሷ ግን ቅቤውን ሸጣ ወልቂጤ ቤት ልትከራይ፣ ቆጮ ልትነግድ፣ ልጇንም ትምህርት ቤት ልታስገባ ቆርጣለች። የውጆው ሕግ ደግሞ ወተት ላላመጣች ተራ አይሰጥም። ከጎረቤት መበደር፣ ውሃም መቀላቀል ይቻል ነበር። እሷ ግን ወተቱ ወደሚሰፈርበት ቤት ባዶ ኩባያ ይዛ ሄደች።

"ኩባያሽም ሐዘን ተቀመጠ?" አለቻት የዘርጋ ሚስት አሰፋሽ። ሳቅ ተጀመረና ወዲያው ሞተ።

"ላሜን ወስደውብኛል፤ እጄ ግን አለ" አለች መሰለች። "ምጽዋት አልቀበልም። እንሰት ሲደርስ ለየቤታችሁ እፍቃለሁ።"

የማኅበሩ መሪ አሮጊቷ እትዬ ብርቄ ባዶውን ኩባያ ከእጇ ተቀበሉ። "መፋቅ ከማለብ ይከብዳል። በየትኛው አፋችን እንቢ እንላለን?" ከየኩባያው እየተቀነሰ የመሰለች ሞላ፤ አሰፋሽም ቀነሰች።

ይህን ጊዜ ዘርጋ ከደጅ ድምፁን አሰማ፤ ውጆ ሲሰፈር ወንድ ደፍ አያልፍም። "እስከ ዛሬ ያዋጣችው የወንድሜን ላም ወተት ነው፤ ቅቤው ለእኔ ይገባል።"

ያለው ሐሰት አልነበረም።

እትዬ ብርቄ ማሰሮውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ገለጡት። "ዘርጋ ልጄ፣ የሁላችንም ወተት እዚህ አለ። የላምህን ለይተህ ቅዳ።"

ዘርጋ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። አሰፋሽ አንገቷን አልደፋችም። "ላሟን ወስደሃል። ወተት ግን በአገራችን መቼ የወንድ ሆኖ ያውቃል?"

ዘርጋ ከአጥሩ ወጥቶ ሄደ።

ላሟ አልተመለሰችም። መሰለች ቅቤውን ሸጣ፣ የባሏን ጓሮ ጥላ ወልቂጤ ገባች። እንሰት በሚፋቅበት ወቅት፣ ልጇን ትምህርት ቤት ትታ፣ በእግሯ ወደ መንደሩ ወጣች። አስቀድማ ልትፍቅ የገባችው ወደ ዘርጋ ጓሮ ነበር፤ አሰፋሽም ወተት ከቀነሱላት አንዷ ነበረችና።