በጭን በኩል

ሐኪሙ «በጭኗ በኩል ገብተን ልቧን እንሠራለን» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ዓምና የልጄን የናርዶስን ልብ ያከሙት ደረቷን ከፍተው ነው። ታዲያ አሁን የልብ መንገዱ ጭን ላይ ሆነ?

«ገበሬ ነው ብለህ አታሹፍብኝ!» አልኩት።

ልጅ እግር ነው፤ ግን አልተቆጣም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንዱ የደም መተላለፊያ እንደጠበበ፣ በደም ሥሯ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በትንሽ ፊኛ እንደሚያሰፋው ረጋ ብሎ አስረዳኝ።

ከአዲስ አበባ እንጅባራ ስንመለስ እናቷ ውብአየሁ አገላብጣ ብታያት ቁንጫ የነከሳት የምትመስል ነጥብ ብቻ አገኘች።

«ለዚህች ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጣችሁት?» ብላ ጮኸችብኝ።

በወሩ ከናርዶስ ጋር ገበያ ውዬ፣ የዘር ድንች ተሸክሜ አቀርቅሬ ወደ ቤት ዳገቱን ያዝኩት። ድሮ እዚህ ስንደርስ ትንፋሽ ያጥራትና ቁጢጥ ትላለች፤ እኔም ቆሜ እጠብቃታለሁ። እንደ ልማዴ ቆሜ ዞር ብል ከኋላዬ የለችም። ደንግጬ ድንቹን ጥዬ ቁጢጥ አልኩ።

ከዳገቱ አናት ድምጿ መጣ፦

«አባዬ፣ አይዞህ፣ እጠብቅሃለሁ! ለአንተም በጭን በኩል ይግቡልህ እንዴ?»