መቅኔና መቅኖ

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ዶክተር ሔራን «ጋሽ ቡርሀን፣ ችግሩ ያለው መቅኔዎ ላይ ነው» ስትለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጆሮዬ የሰማው «መቅኖ» ነዋ። ሠላሳ ዓመት ጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሠራሁ፣ ስድስት ልጅ ያሳደግሁ ሰው በአንድ ፍሬ ልጅ መቅኖ ቢስ ልባል?

ልጄ ሙኒራ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አባ፣ መቅኔ ነው ያለችዎ። አጥንት ውስጥ ያለው።»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችኝ። ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። የእኔው መቅኔ ግን አጣዳፊ የደም ካንሰር ይዞታል፤ ጥሬ ነጭ የደም ሕዋሳት በላይ በላዩ ያመርታል። እነሱም በሽታ አይከላከሉ፣ ለደህናው ደም ቦታ አይለቁ። ድካሜ፣ ትኩሳቴ፣ ማንም ሳይነካኝ የሚበልዘው ገላዬ ከዚያ የመጣ ነው።

«እርጥብ ደንገል ነዋ» አልሁ። «ሳይደርቅ የታሰረ ታንኳ ለዓይን ያምራል እንጂ ውሃ ላይ አይቆምም። ግቢው በእርጥብ ከሞላ ደግሞ ሌላውን የት ታሰጪዋለሽ?»

«ልክ ነዎት። መድኃኒቱ ግቢውን ይጠርጋል፤ ደህናውንም አብሮ ይወስዳል። አዲስ እስኪበቅል ከእኛ ጋር ይቆያሉ።»

ከወር በኋላ ጠጉሬ አልቆ፣ እንደ ደረቀ ደንገል ቀልዬ ተኝቼ ሳለሁ ዶክተሯ የምርመራ ውጤት ይዛ እየሮጠች ገባች።

«ጋሽ ቡርሀን፣ ጥሬዎቹ አይታዩም። መቅኖዎ ተመልሷል» አለች።

ሙኒራ ልታርማት አፏን ከፈተች። በዓይኔ ከለከልኋት።