ያልታደሰው አድራሻ

ስልኩን ያነሳው አለቃቸው ኮቢ ነበር። ጥቂት አዳመጠና፣ "ሁሉም? አንድ ሰርቨር እንኳ አይመልስም?" አለ። ይርዳው ሥራውን አቆመ። ማንም ሳይነግረው ምክንያቱን አውቆታል።

እስራኤል፣ ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ያለችው ይህች ትንሽ ኩባንያ በክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል፣ ሰርቨር ታከራያለች። ክላውድ የሚለው ቃል ገና አዲስ ነው። ሰርቨሮቹ ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ የሊኑክስ ኢሜጅ፣ ከተዘጋጀ ዋና ቅጂ፣ ሲሆን፣ በውስጡ ከኔትወርኩ አድራሻ የሚጠይቅላቸው ትንሽ ፕሮግራም አለ። አድራሻው በውሰት የሚሰጥ ስለሆነ ፕሮግራሙ ጊዜው ሳያልፍ ማሳደስ አለበት፤ ያለዚያ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ይቋረጣል። በቅርቡ ከይርዳው ጋር የሚሠሩት አንጋፋው ጋሽ መኩሪያ የቆየውን ትተው ሰርቨሩን ቶሎ የሚያስነሳ አዲስ ፕሮግራም መረጡ።

ይርዳው ሲሞክረው ግን ፕሮግራሙ አድራሻ ተቀበለ፤ የማሳደሻው ሰዓት ሲደርስ ግን አላሳደሰም። ይህን ሊናገር ስብሰባ ገባ። ጋሽ መኩሪያ ኮቢ ፊት ቆመው ምርጫቸውን ያስረዱ ነበር። ከይርዳው አባት ጋር በአንድ አውሮፕላን ከኢትዮጵያ የመጡ፣ እሱንም እዚህ ሥራ ያስገቡ ሰው ናቸው። ኮቢ "ሞከርከው?" ሲለው፣ "ቤሰደር ነው" ብሎ መለሰ፤ ደህና ነው ማለቱ ነበር። በኋላ ለብቻቸው ሊነግራቸው አስቦ ነበር። አልነገራቸውም።

ኮቢ ስልኩን ዘጋ። "የደወለው በእኛ ሰርቨር የአረጋውያንን የድረሱልኝ ጥሪ የሚቀበለው ድርጅት ነው። ኦሺዮት ሰፈር አንዲት አሮጊት ወድቀው የጥሪውን ቁልፍ ቢጫኑ የመለሰላቸው የለም። ጎረቤት ነው ያገኛቸው።"

"ተርፈዋል?" አለ ይርዳው።

"ተርፈዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሁሉም በአንዴ የጠፉት በአዲሱ ፕሮግራም ነው። ተጠያቂው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ልጁን ተወው፤ እሱ የሰጠሁትን ነው የሠራው።"

ሰርቨሮቹን አጥፍተው ሲያስነሷቸው ለጊዜው ተመለሱ። ኮቢ የድሮውን ፕሮግራም ኢሜጁ ውስጥ እንዲመልሱ አዝዞ ወጣ።

"ምነው፣ የወደቅኸው አንተ ነህ እንዴ? ፊትህ አመድ መሰለ" አሉ ጋሽ መኩሪያ በአማርኛ።

"ጋሼ፣ እኔ አውቄ ነበር።"

"ምኑን?"

"እንደማያሳድስ። ስሞክረው አይቻለሁ። ኮቢ ፊት እንዴት ብዬ እርስዎን..."

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔን ማሳፈር ፈራህ በለኛ።"

"አዎ።"

"ብትናገር ምን እሆን ነበር? ትንሽ እደነግጥ ነበር፤ ከዚያ ምሳ እንበላ ነበር። እኚያ ሴትዮ ግን..." ይርዳው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

የድሮውን ፕሮግራም አስገብተው የሙከራውን ሰርቨር አስነሱት። አድራሻ ተቀበለ። ኮቢ በበሩ ብቅ አለ። "ኑ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ! ኢሜጁ ለሰርቨሮቹ ይላክ?"

"ይላክ" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "በዚህ በድሮውስ ለዓመታት ሠርተንበታል።"

ይርዳው ስክሪኑን አየ። ማሳደሻው ገና አልደረሰም።

"አይላክም" አለ በዕብራይስጥ። "ጋሽ መኩሪያ ተሳስተዋል፤ በአዲሱ ኢሜጅ ላይ ሲያሳድስ አላየነውም። ያን ጊዜም አዲሱ ፕሮግራም እንደማያሳድስ እያወቅሁ ቤሰደር ያልኩት እኔ ነኝ።"

ኮቢ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። ይርዳው ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋና ማሳደሻውን መጠበቅ ጀመረ።