ስምንት ፊደል

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ በቦንጋ ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የእንጨት ሳጥን ተሠርቶ አለቀ። ሳጥኑ ከዋንዛ የተሠራ ሲሆን አራት ጎን፣ አንድ መቀመጫና አንድ ክዳን ነበረው። ክዳኑም ቁልፍ ነበረው።

ጊዜው ለውጥ የሚባለው ነገር መሥሪያ ቤቱን የሞላበት ነው። ባለጉዳይ «ደንበኛ» ተብሏል፤ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ሠናይት «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆናለች። ከክልል ገምጋሚዎች ሊመጡ ስለሆነ ሳጥኑ ከዚያ በፊት በር ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። «የአስተያየት መስጫ ሳጥን» ተብሎ ይጻፍበት ሲባል ማንም አልተከራከረም። ችግር የመጣው አለቃችን አቶ ደጀን «እንግሊዝኛም ይኑረው» ሲሉ ነው።

«ከገምጋሚዎቹ ጋር ፈረንጅ ቢኖርስ?»

ስብሰባ ተቀመጥን። አቶ ደጀን፣ ሠናይት፣ መዝገበ ቃላት ያለው የማኅደር ክፍሉ ዋለ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት እትዬ ብርቄም እንደ ተሰብሳቢ ነበሩ።

እትዬ ብርቄ የመሥሪያ ቤቱ ጎረቤት ናቸው። ጥቅምት ላይ አዲሱ አጥራችን ሲታጠር የግቢያቸውን በር ከመንገዱ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የሚገቡት በከብት ተራ ዞረው፣ የጓሮውን ጭቃ ዳገት ወጥተው ነው። እሳቸው ይወጡታል። ሰማንያ ያለፋቸው እናታቸው ግን ከግቢ ሳይወጡ አራት ወር ሆናቸው። ይህንኑ በአንድ ገጽ አጽፈው ሲመጡ «ሳጥኑ ሲሰቀል ይጨምሩታል» ተባሉ። እየመጡ ሳጥኑን መጠበቅ ሥራቸው ሆነ።

«ኮሜንት ይባል» አለች ሠናይት። «ስብሰባ ላይ የምንለውም እሱን ነው።»

«ኮሜንት አለኝ ብሎ ተነስቶ ደግ ነገር የተናገረ ሰው ታውቂያለሽ?» አሉ አቶ ደጀን።

አላወቀችም። ቃሉ ተሰረዘ።

ዋለ ገጽ ገለጠ። «ሰጀስሽን። ሐሳብ ማቅረብ ማለት ነው።»

«ሐሳብ የምናቀርበው እኛ ነን። ሕዝቡ ካቀረበማ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» አሉ አቶ ደጀን።

«ኦፒኒየንስ? አመለካከት እንደ ማለት ነው» አለ ዋለ።

ይሄኛው ቃል ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ እስክሪብቶ ተመለከቱ። ሳይመዘገብ ታለፈ።

በዚህ መካከል አናጢው ጃፈር አንገቱን በበሩ አስገባ። ጽሑፉንም የሚጽፈው እሱ ነው።

«ቃሉ ተወለደ?»

«ምጥ ላይ ነን» አለ ዋለ።

«ስንት ፊደል እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። ሌላው ሥራ ከቃሉ በኋላ ነው።» ብሎ ሄደ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን መጥቶ ይህንኑ ጠይቋል። በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

በሁለተኛው ሳምንት ዋለ ብልሃት መጣለት። ቃሉን ከመፈለግ ወረቀቱን እንይ አለ። «እትዬ ብርቄ፣ የያዙት ምንድን ነው?»

«አቤቱታ ነዋ።»

ገጽ ተገለጠ። «ኮምፕሌይንት።»

አቶ ደጀን መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱ በር ላይ ከተጻፈ እኮ ቅሬታ አለ ማለት ነው።»

«እኔ ዘንድ አለ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«እርስዎ ዘንድ ይኑር፣ እትዬ። በር ላይ አይኑር ነው የምንለው።»

«በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖስ ለምን አይጻፍም?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ካፊኖኖ ሁሉም ስለሚያውቀው መጻፍ አያስፈልገውም» አለች ሠናይት። ይህ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ገምጋሚዎቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር ዋለ ላብ እያጠመቀው መጣ። «ፊድባክ! ፊድ መመገብ ነው፤ ባክ መመለስ። መልሶ መመገብ።»

አቶ ደጀን ቃሉን ሁለት ጊዜ ለብቻቸው አሉት። «ክስ የለበትም» አሉ። «ጥያቄም የለበትም። እንዲያውም ግብዣ ይመስላል።»

«እኔ እንኳ ምግብ አልያዝኩም» አሉ እትዬ ብርቄ። «ወረቀት ነው።»

«ስንት ፊደል ነው?» አለ ጃፈር ከበሩ።

ዋለ የእንግሊዝኛውን ፊደላት በጣቱ ቆጠረ። «ስምንት።»

በማግስቱ ሦስት ገምጋሚዎች በአንድ መኪና መጡ። መካከላቸው ፈረንጅ አልነበረም፤ እንዲያውም አንደኛው የዚሁ አካባቢ፣ የሺሺንዳ ልጅ ነው። ሳጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል። አማርኛው ከላይ በቀይ፣ እንግሊዝኛው ከታች በሰማያዊ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ሠናይት አየችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቶ ደጀን አጭር ንግግር አደረጉ።

«ዛሬ ሕዝባችን የሚናገርበት አፍ አግኝቷል። እትዬ ብርቄ፣ ይጀምሩልን።»

እትዬ ብርቄ ወረቀታቸውን ይዘው ቀረቡ። ከላይ ሞከሩ። በግራ ሞከሩ፣ በቀኝ ሞከሩ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«በየት ነው?»

አቶ ደጀን ፈገግ ብለው ወረቀቱን ተቀበሏቸውና ራሳቸው ሳጥኑን ዙሪያውን ዳበሱት። ፈገግታቸው ቀና ሲሉ አብሯቸው አልነበረም።

«ጃፈር» አሉ ቀስ ብለው።

«የወረቀት ማስገቢያ አፉን ከጽሑፉ በታች ልቀድድ ነበር» አለ ጃፈር። «የጽሑፉን ስፋት ሳላውቅ ልቅደድ? ቃሉ የደረሰኝ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ፊደል ቦታውን ጨረሰው። ቀለሙም አልደረቀም።»

ዋለ መዝገበ ቃላቱን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ሠናይት ሰማይ ሰማይ አየች፤ ሊዘንብ ነበር።

«በል አሁን ክፈተው» አሉ አቶ ደጀን፣ ወረቀቱን ለእትዬ ብርቄ እየመለሱ።

ጃፈር መጋዝ ሊያመጣ ዞረ። እትዬ ብርቄ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«አጥሩን?» አሉ።

ሲጽፍ የነበረው የሺሺንዳው ልጅ ቀና አለ።

«የምን አጥር?»

የጠየቃቸው በካፊኖኖ ነው። እትዬ ብርቄ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጉያቸው መለሱና፣ ክንዱን ያዝ አድርገው ወደ ጓሮው ጭቃ ዳገት ይዘውት ሄዱ።