ለአንድ አባል አንድ ቦታ

ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ምላጭ» ይሏታል። አንድም የአይጥ አንጎል ከወረቀት አሳስታ ስለምትቆርጥ፣ አንድም ምላሷ ስለማይምር። ያን ጠዋት ግን ምላጭ ዶልዱማ ነበር። ቤተ ሙከራው ውስጥ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፣ ታጠፋዋለች፣ መልሳ ያንኑ ትጽፋለች።

የምትጽፈው ለነርቭ ሳይንስ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የሚላከውን አጭር መግለጫ ነው። ጉባኤው ከየአገሩ አንጎል የሚያጠና ሁሉ የሚጎርፍበት፣ አዳራሹም ከዳር ሆነው ሲያዩት ሌላው ዳር የማይታይ ነው። እሷ የማኅበሩ አባል ከሆነች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም። ሥራው ሁሌም ያው ነው። መግለጫ መጻፍ፣ ፖስተር ማሳተም፣ ሆቴሉ ሳይሞላ ክፍል መያዝ፣ ፖስተሩን ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ አውሮፕላን መሳፈር፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ሥሩ ቆሞ ለመጣው ሁሉ አንዱን ነገር እንደ አዲስ ማውራት።

ጥናቷ እንቅልፍ ያጣ አይጥ የተማረውን እንዴት እንደሚረሳ ነው። እሷ ራሷ ደህና እንቅልፍ ከተኛች ከርሟል። ባሏ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። «አይጦቹ ምን በደሉሽ? እኔና አንቺን አይተሽ አትጽፊም?» ይላታል። ሲስቅ ትስቅለታለች፤ ከአንገት በላይ።

ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ፤ ያኔ ተማሪ ሳለች አንጎል መቁረጥ ያስተማሯት መምህሯ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ። እንዴት ሰነበቱ?»

«እኔማ አለሁ፤ ጉልበቴ ነው ጥሎኝ የሄደው። ስሚኝማ፣ የጉባኤው በር ተዘጋ እንዴ?»

የመግለጫ መቀበያውን ማለታቸው እንደሆነ ገባት። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፍት ነው። ምነው?»

«አንድ የምናገረው ነገር ነበረኝ።»

እሷም የሚሉት ቶሎ ገባት። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ አባልነታቸውን ትተውታል። አሁን ላድሰው ቢሉ ለዘንድሮ እንደማይደርስ ተነግሯቸዋል። አባል ያልሆነ ሰው ሥራውን የሚያቀርበው ደግሞ አንድ አባል «እኔ አለሁለት» ሲለው ብቻ ነው። ማኅበሩ ለአንድ አባል የሚሰጠው አንድ ቦታ ነው፤ ወይ የራሱን ያቀርብበታል፣ ወይ ለሌላ ይሰጠዋል። ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም።

«ጋሼ፣ ለሚመጣው ዓመት ብናደርገውስ?» አለች።

«የሚመጣው ዓመት የእናንተ ነው ልጄ» አሉ ቅር ሳይላቸው። «እኔ ያለኝ የዘንድሮው ነው።»

ማታ ለባሏ ስትነግረው የሥራ ቱታውን እያወለቀ ነበር።

«ታዲያ ስጫቸዋ።»

«እንዲህ ቀላል ነው? የኔስ?»

«ያንቺ ምንድን ነው ዘንድሮ?»

ቱታውን ተቀብላ ማጠፍ ጀመረች። የዘንድሮው ያምናው ነው። ሁለት አይጥ ተጨምሮበት፣ ርዕሱ ተቀይሮ፣ ባርኔጣ ተደፍቶበት። ይህን ከእሷ በቀር ያወቀ የለም፤ ባሏ ግን የገባው መሰለኝ፣ ዳግም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቤት ሄደች። የሄደችው እምቢ ለማለት ነው። በስልክ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት፣ ፊት ለፊት፣ በክብር እምቢ ልትላቸው። በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ናት፤ ፋርማሲስት ነች፣ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው።

«እትዬ፣ እንኳን መጣሽ። እስቲ ምከሪልኝ፤ መኝታ ቤቱን ቤተ ሙከራ አድርጎታል።»

እውነቷን ነው። በሟች ሚስታቸው የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ተቀምጧል። ጋሼ በካልሲና በሹራብ ሆነው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

«ተቀመጪና እዪ። ምንም አልነግርሽም።»

ተቀመጠች፤ ዓይኗን ደቀነች። በመስታወቱ ላይ ያለው የአሮጌ አይጥ አንጎል ስስ ቁራጭ ነው። ሲሸመግሉ ይሞታሉ እየተባለ የሚነገርላቸው አንድ የሴሎች ቡድን ያለበት ቦታ። መጀመሪያ ባዶ መሰላት። ማጉያውን እያስተካከለች ስትቆይ ግን አየቻቸው። አልሞቱም። ተኮማትረው፣ ኩርምት ብለው፣ ችኩል ዓይን በሚያልፋቸው መጠን አንሰው ተቀምጠዋል።

«ካረጁ አይበጁ ብለን ቀበርናቸው» አሉ ጋሼ። «እነሱ ግን እቤታቸው ናቸው።»

«ማን ቆጠራቸው?»

«እኔ።»

«አንድ ሰው የቆጠረው አይታመንም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሦስቴ ቆጥሬያለሁ። የትኛው ቁራጭ ከወጣቱ አይጥ፣ የትኛው ከሽማግሌው እንደሆነ ሳላውቅ።»

«እኔ ነኝ የመስታወቶቹን ምልክት በቁስል ፕላስተር የሸፈንኩለት» አለች ልጃቸው ከበሩ። «ፋርማሲውን ፕላስተር አስጨርሶታል።»

እንደገና አጎነበሰች። ዓለም የሚያነቃንቅ ግኝት አይደለም። ግን ንጹሕ ነው። እንዲህ ንጹሕ ነገር ካየች ስንት ጊዜዋ ነው? ለእምቢታው የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

«መግለጫው ይረዝም ይሆናል። ለኔ ይስጡኝ፣ ላሳጥረው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ስትመለስ ደስታ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ነው፣ ከድካሙም ሥር ቁጭት። የክፍሉ ኃላፊ ኮሪደር ላይ አግኝቷት «ዘንድሮ ምን ታቀርቢያለሽ?» ሲላት «ምንም» አለችው። ነፍስ ይማር ሊላት ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዝግጅት የሁለት ሰው ሸክም ሆነባት። ጋሼ ፖስተሩ ላይ ሁሉም ነገር ካልተጻፈ ብለው ድርቅ አሉ። እሷ ታወጣለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ። «ይህ እኮ ፖስተር ነው ጋሼ፣ ኑዛዜ አይደለም!» አለቻቸው አንድ ቀን፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። እሳቸው ግን ሳቁና ሁለት አንቀጽ ሰረዙ። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅላቸው ለአዳራሹ ጻፈች፤ ከአዳራሹ አጠገብ ያለ ሆቴል ፈልጋ ለሁለቱም ክፍል ያዘች። በሁለት ደቂቃ ሥራቸውን እንዲናገሩ ስታለማምዳቸው ከተማሪነታቸው ይጀምራሉ፤ ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ገና መጀመሪያውን ማይክሮስኮፕ ያገኙበት ቤት በር ላይ ናቸው። ማተሚያ ቤቱም ሴሎቹን ሐምራዊ ማድረግ ሲገባው ቡና ዓይነት አድርጎ አወጣቸው፤ እንደገና ታተመ።

የጉዞው ቀን ሲቃረብ ልጃቸው ደወለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«እትዬ፣ አባዬ ወደቀ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ዳሌው ነው አሉ።»

ለምላጭ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ‹እንግዲያው መሄድ ቀረልኝ› የሚል ነበር። ሐሳቡ መጥቶ ለመቀመጥ ጊዜ አላገኘም፤ ግን መጥቷል። ፊቷ በእፍረት ጋለ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጋሼ ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ከትራሱ እኩል ነጥተው ተኝተዋል።

«ሰርዢው» አሏት።

«ምኑን?»

«ፖስተሩን ነዋ። ያለ ሰው የተሰቀለ ፖስተር ምን ይሠራል? ሙት ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልጃቸው በዓይኗ ‹ተዪው› አለቻት። ምላጭ ኮሪደሩ ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ ለማኅበሩ ጻፈች፦ ያቀረበው ሰው ታሟል፤ ቦታውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ቆሜ ላስረዳለት ይፈቀድልኛል? መልሱ በማግስቱ መጣ። ባለቤቱ ከተስማማ ይፈቀዳል።

ጋሼ ሲሰሙ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«አንቺ? የሰው ሥራ ሥር ቆመሽ?»

«እኔ።»

«እስቲ ንገሪኝ። ሁለት ደቂቃ።»

ነገረቻቸው። ገና ሳትጨርስ እጃቸውን አነሱ። «ራስሽ ያልገባሽን ነው የምትነግሪኝ! እንደገና።» ደግማ ጀመረች። «ለምን ትቸኩያለሽ? አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነው?» የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው ከአልጋ አስነስቶ በእግራቸው ሊያቆማቸው ሲገባ «ቆይ፣ ይቺን ላስጨርሳት» አሉት። ባለሙያውም እጁን አጣምሮ አብሮ አዳመጠ። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትሄዳለች፤ እግሯ ያበጠ፣ ድምፅዋ የሰለለ። በየቀኑ እንደ ጀማሪ ይፈትኗታል።

ጉባኤው ላይ አዳራሹ እንደ ወትሮው ነበር። ረድፍ በረድፍ ፖስተር፣ እንደ ዝናብ የማይቋረጥ ወሬ። እሷ ፖስተሩን ሰቅላ ቆመች። ሰው በፊቷ ያልፋል፤ ዓይኑን ጣል ያደርጋል፣ ይሄዳል። አንድ ወፍራም ሰውዬ በቀጥታ ወደ እሷ ሲመጣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ የጠየቃት መጸዳጃ ቤቱ በየት እንደሆነ ነው። አሳየችው። ወገቧ ተቆረጠ። በዚህ ሁሉ ዓመት የራሷ ፖስተር ሥር እንዲህ ተረስታ አታውቅም፤ ወይ ደግሞ ትረሳ ነበር፣ ስለምታወራ አላስተዋለችውም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሽበታም ሴት ቆመች። ከላይ እስከ ታች፣ ሳትዘል አነበበች።

«እነዚህ ትንንሾቹ ነርቮች እንጂ ዙሪያቸውን ያሉት ረዳት ሴሎች እንዳልሆኑ በምን ለያችሁ?»

ምላጭ የተለማመደችውን መልስ ሰጠች። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ለትልልቆቹ ይሠራል። ለነዚህስ?»

አላወቀችም። ድሮ ቢሆን በቃላት ትሸፋፍነው ነበር፤ መንገዱን ታውቅበታለች። አሁን አቅም አጣች።

«አላውቅም» አለች። «ሥራው የመምህሬ ነው። ልደውልላቸው?»

ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። «አባዬ፣ የሚጠይቅህ ሰው አለ» ስትል ተሰማ፤ ቀጥሎ የአልጋ ሲጢጥታ፤ ቀጥሎ ጋሼ። «ጥያቄውን ድገሚልኝ» አሉ። ሴትዮዋ ደገመች። ጋሼ የሴሉን እምብርት ቅርፅ፣ የቀለሙን አያያዝ፣ ያጠራጠራቸውንና ከቆጠራው የጣሏቸውን እየነገሯት ሄዱ፤ ከተማሪነታቸውም አልጀመሩም። ሴትዮዋ ተከራከረች። እሳቸው ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የታመመ ሰው ድምፅ አይመስልም። የሚያልፍ ሰው ቆም እያለ ተሰበሰበ። ምላጭ ስልኩን ዘርግታ ይዛ እጇ ሲዝል ወደ ሌላው ቀየረች፤ ያም ሲዝል ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠቻትና ፖስተሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማንም ልብ አላላትም። ልብ ባለማለታቸውም ምንም አልከፋትም።

ሴትዮዋ ስትሄድ በራሷ ቤተ ሙከራ ያሉትን ቁራጮች አስቆጥራ እንደምታሳውቅ ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ከወራት በኋላ ጻፈች። እሷም ጋ ሴሎቹ ኩርምት ብለው ተገኝተዋል፣ ግን በሁሉም ቦታ አይደለም፤ ከፊሎቹ በእርግጥ ሞተዋል።

ያኔ ጋሼ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ ጠረጴዛው መድረስ ጀምረዋል። ምላጭ በበኩሏ ለቀጣዩ ጉባኤ መግለጫ አልላከችም። አባልነቷን አድሳ፣ ፈቃድ ወስዳ፣ እንቅልፏን እየጠገበች ቤት ተቀምጣለች። የሴትዮዋን ደብዳቤ በስልክ ስታነብላቸው በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ከፊሎቹ?» ጋሼ ጮኹ። «ከፊሎቹ ማለት ምን ማለት ነው? የት የትኞቹ እንደሆኑ ትንገረኛ! አንቺ ልጅ፣ ፕላስተሩን ወዲህ በዪ!» ይህን ያሉት ለልጃቸው ነው።

ከወዲያ የመሳቢያ መከፈት ተሰማ። ምላጭ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ የባሏን ቱታ እያራገፈች ገመዱ ላይ ሰቀለችው።