የሲምቦ ፊት በነጥብ

ጀሊል ራሱን «ኢንጂነር» ብሎ የሰየመው የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዶ ነው። በ1999 ሮቤ ላይ ማተሚያ ቤት ሲከፍት ምስክር ወረቀቱን ከበሩ ትይዩ ሰቀለ፤ ሥራውን የምትሠራው ግን ተቀጣሪዋ ጁሀራ ነበረች። ስትንቀውም ከልቧ ነበር።

የሃረና ቡና ለቃሚዎች ማኅበር ለጎባ ባዛር ፖስተር አዘዘ። ፎቶው ላይ ያለችው ሲምቦ የምትባል ለቃሚ ናት። ማባዣ ማሽኑ ግን ግራጫ አያውቅም፤ ወይ ጥቁር ይጥላል፣ ወይ ወረቀቱን ባዶ ይተዋል። ጀሊል ፎቶውን እንዳለ ቢከተው ሲምቦ ጥርስ ያበቀለ ከሰል ሆና ወጣች።

«ይበቃል፤ ቡና ጥቁር አይደል?» አለ።

«ሳይቆላ?» አለች ጁሀራ በሆዷ።

ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለች። ጥቁር ነጥቦችን በማጠጋጋትና በማራራቅ ግራጫ ልታስመስል ነው። ነጥቦቹን በሰልፍ ብትደረድራቸው ሲምቦ ሰሌን መሰለች፤ በዘፈቀደ ብትበትናቸው አቧራ ለበሰች። በመጨረሻ አዲስ ፕሮግራም ጻፈች፤ አንዱ ነጥብ ከሚገባው በላይ ሲጠቁር፣ ጎረቤቶቹ ነጣ ብለው እንዲያካክሱለት። ያኔ የሲምቦ ጉንጭ ሞላ፤ የግንባሯ መስመር ሳይቀር ወጣ።

ጀሊል አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ደቅኖ፣ «ኩፍኝ አስያዝሻት!» ብሎ ሳቀ።

«ራቅ ብለው ይዩት፣ ኢንጂነር፤» አለችው ከንፈሯን ጠመም አድርጋ።

አልራቀም። እሷም ሳታስፈቅድ አተመችው።

ጎባ ላይ ሲምቦ ራሷ መጣች። ከማኅበሩ ድንኳን ማዶ ሆና ፖስተሩን ስታይ፣ «ኩን አና! እኔ ነኝ እኮ!» ብላ፣ መስታወት ያየች ይመስል ሻሿን አስተካከለች። ሰው ተሰበሰበ። ጀሊል ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

«የራሴ ዘዴ ነው።»

«እስቲ ያስረዱን፤ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢታና።

«ያው… ቀለሙን ማቅጠን ነው።»

ጁሀራ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጥቦቹ እንዴት እንደሚካካሱ በጣቷ እያሳየች፣ ኢታናን በኦሮምኛ አስረዳችው።

«የሚቀጥለውን ሥራ ካንቺ ጋር ነው የምንነጋገረው፤» አላት ኢታና።

«ያለ እኔ ማሽን ምን ልትሠሪ ነው?» አለ ጀሊል ፊቱ ተለዋውጦ።

«ማሽንማ ጎባም አለ፤» ብላ የማተሚያ ቤቱን ቁልፍ መዳፉ ላይ ጣለችለት።

ሲምቦ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ፖስተሩን ጠጋ ብላ እየመረመረች ነበር።

«ልጄ፣ ግራ ጆሮዬን ግን በልተሽዋል።»

ጁሀራ ጎንበስ ብላ አየች። ጆሮዋ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ እውነትም ተቆርጧል።

«ልክ ነዎት፣ አዴ ሲምቦ፤» አለች፤ ፊቷም ቀላ። «እንደገና እሠራዋለሁ።»